ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል

ክረምቱ ከገባ በኋላ ከአጥርዎ ሥር ሳይዘሩት የበቀለ ሐረግ አይተው ይሆናል። ቅጠሉ ሰፋፊ ነው፤ አጥሩንም እየተጠመጠመ ይወጣል። ልጅዎ «እማዬ፣ ዱባ በቀለልን!» ብላ ትደሰታለች። ለመሆኑ ዱባ መሆኑን በምን ያውቃሉ?

እናቶቻችን «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ሲሉ ኖረዋል። እኛ ከተሜዎቹ አባባሉን የምናነሣው ስለ ሰው ጠባይ ስንጫወት ነው። መነሻው ግን ጓሮ ነው። ሁለቱ ሐረጎች በለጋነታቸው እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ሲያብቡ ግን ይለያሉ። የዱባ አበባ ቢጫ ነው፤ የሚፈካውም በጠዋት ነው። የቅል አበባ ነጭ ሲሆን የሚፈካው ሲመሻሽ ነው።

ይህን ልዩነት ማወቅ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። መራራ የሆነ የቅል ፍሬ መርዝነት ስላለው ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ቢቀቅሉትም ምሬቱ አይጠፋም። ዱባም ቢሆን አልፎ አልፎ መራራ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ወጥ ከመሥራትዎ በፊት ትንሽ ቁራጭ በምላስዎ ጫፍ ይቅመሱ፤ ከመረረ ይትፉትና ፍሬውን ይጣሉት። በርበሬው ይሸፍነዋል ብለው ለልጅ እንዳያቀርቡ። ሞላላው ቅል ግን ደርቆ ሲፈለፈል ለብዙ ዘመን የውሃና የወተት ዕቃ ሆኖ ቤታችንን አገልግሏል።

በመስከረም የሚባለውንም «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚለውን ያስታውሱ። በዚህ አባባል ውስጥ የገበሬው ቤት የወራት ቆጠራ አለ። በሰኔና በሐምሌ ዘሩ ከጎተራ ወጥቶ መሬት ገብቷል፤ አዲሱ እህል ደግሞ ገና አልደረሰም። በእነዚያ ወራት ቤተሰቡን ደግፎ የሚያቆየው እናት በጓሮዋ የተከለችው ጎመን ነው። ቀድሞ የሚደርሰው ገብስ ሲታጨድ ገንፎው ይገባል፤ ጎመኑ ይሸኛል። በእውነቱ የሚሸኘው ችግሩ ነው እንጂ ቤተሰቡን ከክረምት ያሻገረው ተክል አይደለም።

ለዚህም ምስክሩ «ጎመን በጤና» የሚለው ነው። ከጭንቀት ጋር ከሚበላ ሥጋ በሰላም የሚበላ ጎመን ይሻላል ለማለት ነው። ቃሉን እንዳለ ብንወስደውም አያሳፍረንም፤ ጎመን ለዓይንና ለደም የሚጠቅሙ ቪታሚኖችና ማዕድኖች አሉት። ይሁን እንጂ አሠራሩ ሊያባክናቸው ይችላል። ከመክተፍዎ በፊት ይጠቡት፤ በጥቂት ውሃ ያብስሉት፤ የበሰለበትንም ውሃ አይድፉት። ሎሚ ጠብ ቢያደርጉበት ሰውነት በውስጡ ያለውን ብረት እንዲወስድ ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ከምግቡ ጥቂት ቆይተው ይጠጡ።

«የኪራይ ቤት ነው፤ ጓሮ የለኝም» ይሉ ይሆናል። ሥሩ የተበሳ አሮጌ ሳፋ ወይም ጆንያ፣ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ተሞልቶ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ ቢቀመጥ ጎመንና ቆስጣ ያበቅላል። ቀለም ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን አይሆንም። ከታች ያሉትን ቅጠሎች እየቀነጠቡ ቢጠቀሙ ተክሉ ከላይ ማቆጥቆጡን ይቀጥላል። አትክልት ያጠቡበትም ውሃ ለማጠጫ ይሆናል።

ሥራው ታዲያ የእርስዎ ብቻ አይሁን። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላልና ልጆችዎ በገዛ እጃቸው ይትከሉ፣ ያጠጡ፣ ይኮትኩቱ። አባባሉን ከሬዲዮ ወይም ከመጽሐፍ ሊሰሙት ይችላሉ፤ ጥበቡን ግን የሚያገኙት ከአፈሩ ነው። በአጥሩ ላይ ያለው ሐረግ ሲያብብም ልጅዎን ሲመሻሽ ይዘዋት ይውጡና ያሳዩዋት። አበባው ነጭ ሆኖ ከፈካ ምን እንደሆነ እርሷው ትነግርዎታለች።