የጥንቸል ግልገሎች ከሞት የሚድኑበት መንገድ

ጥንቸል ጥቂት ቦታ፣ ሣርና ቅጠል ይበቃታል። በአንድ ወሊድ ከስድስት እስከ ስምንት ግልገል ልታስገኝ ትችላለች። ይሁን እንጂ የተወለደው ሁሉ አያድግም። ብዙው የሚሞተው ገና ከጎጆው ሳይወጣ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው በወሊድ ወቅት አያያዝ ላይ ነው።

አስቀድሞ ግን ሥጋውን ማን እንደሚበላው ይጠየቅ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ጥንቸል አይበሉም። ስለሆነም የልማት ሠራተኛው ገዢ መኖሩን ሳያጣራ የጥንቸል ቤት ማሠራት የለበትም። ገዢ በሌለበት ቀበሌ፣ በእኛ አስተያየት፣ ዶሮ ይሻላል።

ለማጥቃት ሴቷ ወደ ወንዱ ክፍል ትወሰዳለች እንጂ ወንዱ ወደ እርሷ አይወሰድም፤ ክፍሏን ስለምትከላከል ልትነክሰው ትችላለች። እርግዝናው 31 ቀን ያህል ስለሚፈጅ የተጠቃችበት ቀን በበሯ ላይ ይጻፍ።

በ28ኛው ቀን የመውለጃ ሣጥን ይግባላት። ርዝመቱ 45፣ ወርዱ 30፣ ከፍታውም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ሣጥን ይበቃል። እናቲቱ በቀላሉ እንድትገባ የፊቱ ግድግዳ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ሽንት እንዲወርድም ወለሉ ይበሳ። ውስጡ ደረቅ ጭድ ይደረግበት፤ ጠጉሩን እርሷ ከሆዷ እየነጨች ትጨምርበታለች። ሣጥኑ በጣም ቀድሞ ከገባ መጸዳጃ ታደርገዋለች። ከዘገየ ደግሞ በሽቦው ወለል ላይ ትወልዳለች። ግልገሎቹ ያለ ጠጉር፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ስለሚወለዱ በደጋ አገር አንድ ሌሊት ሁሉንም ሊጨርሳቸው ይችላል።

በወለደች ማግስት ሣጥኑ ይፈተሽ። እጅ ታጥቦ በጭዱ ይታሽ፤ የሞተ ካለ ይውጣ፣ የቀሩት ይቆጠሩ። ሆዳቸው የተወጠረ ጠብተዋል፤ ቆዳቸው የተሸበሸበ አልጠቡም። እናቲቱ ከሣጥኑ ርቃ ስለዋለች ልጆቿን ጥላለች አይባልም። የምታጠባው ብዙውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ነውና።

ለማኅበራት አንድ ጥቅም አለ። ሁለት ሦስት እናቶች በአንድ ቀን ከተጠቁ የሚወልዱትም በተቀራረበ ጊዜ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ ከበዛባት ላይ ተወስዶ ለጎደለባት ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ ባዕዱን ለይታ አትገፋም።

የምታጠባ እናት ውሃ ከተቋረጠባት ወተቷ ይቀንሳል። የረጠበ ሣር ሆድ ስለሚነፋ ጠውልጎ ይሰጣት፤ የስኳር ድንች ሐረግና አልፋልፋም ይስማሟታል። ፉርሽካ ከተገኘ ይጨመርላት።

ግልገሎቹ ከ10 እስከ 12 ቀን ዓይናቸውን ይገልጣሉ፤ በሦስት ሳምንት ገደማም እየወጡ ከእናታቸው ጋር መመገብ ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ይውጣ፤ ለሚቀጥለዋም ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይዋል።