ባለቤት ያለው የባዘነ ውሻ

ዲንሾ ላይ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ካለበት ኮረብታ ሥር፣ አንዲት የደጋ አጋዘን ግልገሏን አስከትላ ከጥዱ ጥላ ወደ ሣሩ ብቅ አለች። ወዲያው ከመንደሩ በኩል አንድ ቡናማ ውሻ ተፈተለከ። እናቲቱ ደነበረች፤ ግልገሉ ጭቁኙ ውስጥ ገብቶ ተሰወረ። አብሮኝ የቆመው አስጎብኚ «ጌታ የሌለው ነው፤ እንዲህ ያለው መገደል ነው ያለበት» አለኝ። አፉን ሳይገጥም ከአጥሩ ማዶ አንድ ልጅ አፏጭቶ «ቡቺ!» ብሎ ተጣራ። ውሻው ጅራቱን እየቆላ ተመለሰ።

የልጁ ጥሪ ከጆሮዬ አልጠፋም። ባሌ ውስጥ ስለ ውሻ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ባዘነ ውሻ ነው። የፓርኩ ሰዎች ውሻ ከክልላችን ይውጣ ይላሉ። በአካባቢው የአደን ቦታ በኮንትራት የያዙት አጋዘኑን አሸሸብን ይላሉ። ከብት አርቢው ደግሞ ያለ ውሻ አላድርም ባይ ነው። በዌብ ሸለቆና በጋይሳይ ሜዳ የሚዞረው ውሻ ግን አብዛኛው ማታ የሚገባበት ደጅ አለው። ያጣው ማሰሪያ ነው።

የደጋ አጋዘን ታሪክ ከጅምሩ የአደን ታሪክ ነው። ከአፍሪካ ትልልቅ የቀንድ አውሬዎች መካከል ዘግይቶ የተመዘገበ እንስሳ ነው። እንግሊዛዊው ሻለቃ አይቮር በክስተን ከኢትዮጵያ ተራሮች ገድሎ የወሰደውን ይዞ፣ ሪቻርድ ሊደከር በ1910 እ.ኤ.አ. ለዝርያው ስም አወጣለት፤ ሳይንሳዊ መጠሪያውም የአዳኙን ስም እንደያዘ ቀረ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሌስሊ ብራውን የተባለ ተመራማሪ መጥቶ ባሌን ሲያጠና ያየው ነገር ፓርኩ እንዲመሠረት ምክንያት ሆነ። እንስሳው በ1969 ዓ.ም. በወጣችው አሥር ሳንቲም ላይም ተቀርጿል፤ ብዙዎቻችን ከባሌ ቀድመን በኪሳችን ነው የተዋወቅነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጠባቂ ጠፍቶ ብዙው ተጨፈጨፈ፤ የፓርኩም ንብረት ተዘረፈ።

ዛሬ በሕግ የሚታደነው ከፓርኩ ውጭ፣ እንደ ኦዶቡሉ፣ ሀንቶና አባሸባ ደመሮ ባሉ የአደን ቦታዎች ነው። የሚታደነው ወንዱ ብቻ፣ ያውም በኮታ ነው። ለዚያ ጠምዛዛ ቀንድ የውጭ አገር አዳኝ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። በዚህ ሥራ ያረጀ አንድ መሪ «ውሻ እንጨት ለቃሚ ተከትሎ ከገባ አጋዘኑ አስታው ውስጥ ይሸሸጋል፤ እንግዳዬ ተራራ ብቻ አይቶ ይመለሳል» ይላል። ውሻ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ስጠይቀው ወደ መሬት አቀርቅሮ ዝም አለ።

አጋዘኑ ሮጦ ሊያመልጥ ይችላል። ቀይ ቀበሮ ግን ከውሻው ምራቅ አያመልጥም። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለው ይህ አውሬ፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 ብዙም አይዘልም፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ነው። ቀን ቀን ለየብቻው ፍልፈል ያድናል፤ ማታና ጠዋት ግን መንጋው ተሰብስቦ ይላላሳል፣ ተጠጋግቶ ይተኛል። ስለዚህ አንዱ የያዘው በሽታ ለሁሉም ይደርሳል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መግቢያ የእብድ ውሻ በሽታ ባሌን መታ። በ2003 እ.ኤ.አ. ተመልሶ መጥቶ፣ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱን ያህል ፈጀ። በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ደገመ። በየመካከሉ ሌላው የውሻ ተላላፊ በሽታ ዲስቴምፐር ገባ።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርበው ቀላል መልስ መግደል ነው። አዲስ አበባን ጨምሮ በከተሞቻችን ለዓመታት የተሠራበት ዘዴም መርዝ ነበር። መርዝ የበላው ውሻ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ጅብና አሞራ ይበሉታል፤ እነሱም ይከተሉታል። ባሌ ላይ ደግሞ ውሻ የተገደለበት ቤት ሌላ ቡችላ ያመጣል። አዲሱ ቡችላ አልተከተበም፤ የሞተው ምናልባት ተከትቦ ነበር።

ይህን ከማንም በላይ ያስረዱኝ ከዌብ ሸለቆ በላይ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ናቸው። «ውሻህን ግደል የሚለኝ ሰው አንድ ሌሊት ከእኔ ጋር ይደር» አሉኝ። «ጆሮዬ አርጅቷል፤ ጅብ ሲመጣ የሚሰማው እሱ ነው። ጥጃዬ ቢበላ አጋዘኑ ይከፍለኛል?» ውሻው ምን እንደሚበላ ስጠይቃቸው ሳቁ። «የቤቱ ሰው ጠግቦ ካደረ እሱም ይበላል። ካልጠገበ ወጥቶ ፍልፈል ይቆፍራል። የቀበሮዋን ምሳ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ ልጄ።» ክረምት ሲገባ ከብቶቹ ከታች ወደ ደጋው ሲወጡ ውሻውም አብሮ ይወጣል። ከከተማ ዳር ያነሳውን በሽታም ይዞ ነው የሚወጣው። «መርፌውን አምጡ እንጂ አንገቱን እኔ እይዝላችኋለሁ። ቀበሮ ላስጨርስ ብዬ ውሻ አላሳደግሁም» አሉኝ።

መርፌው አልመጣም ማለት አይደለም። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በፓርኩ ዙሪያ ያሉትን ውሾች ሲከትብ ኖሯል። በ2003ቱ ወረርሽኝ ቀበሮዎቹም በወጥመድ እየተያዙ ተወጉ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ፣ የመንጋዎቹን መዋያ በሚያውቁ ሰዎች እጅ ይበተናል። የእብድ ውሻ በሽታ እንዳይዛመት ከ100 ውሾች 70ው መከተብ አለባቸው ይላል የዓለም ጤና ድርጅት። የገጠር ውሻ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ዘንድሮ የተሞላው ቁጥር በሚቀጥለው ዓመት ይጎድላል። ሥራው በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚጀመር ነው።

ታዲያ በየዓመቱ የሚጀምረው ማነው? የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ኃላፊ አነጋግሬ ነበር። «በጽሑፍ ይምጣ» አሉኝ፤ በጽሑፍ ላክሁ። «ከበላይ አካል ይጠበቃል» የሚል ምላሽ በጸሐፊያቸው በኩል ደረሰኝ፤ ከዚያ በኋላ ስልክም አላነሱም። ከብት የሚከትበው ባለሙያ ውሻ ሥጋና ወተት ስለማይሰጥ ከዕቅዱ ግርጌ ያደርገዋል። የፓርኩ ጠባቂ ሥልጣኑ ከወሰኑ አያልፍም። የአደን ድርጅቱ ኮንትራቱ ስለ አጋዘን ነው።

ጉዳቱ አውሬው ላይ ብቻ አይቆምም። ያው በሽታ የሰው ልጅንም ይገድላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ደጋው ላይ የተነከሰ ልጅ ክትባት ለማግኘት ጎባ ወይም ሮቤ መውረድ አለበት፤ ያም ከተገኘለት ነው።

ከአደን የሚገኘው ገቢ ለፌዴራልና ለክልል ይከፋፈላል። ከዚያ ላይ ለውሻ ክትባት በየዓመቱ የማይነካ ድርሻ ቢቆረጥ፣ አጋዘኑ የሚያመጣው ዶላር አጋዘኑንም፣ ቀበሮውንም፣ እረኛውንም ይጠብቃል። ገንዘቡን የሚያዘው አካል ይህን እስኪወስን ድረስ ሽማግሌውን ውሻህን ግደል ለማለት አፍ ያለው ባለሥልጣን አይታየኝም።