በእስስት ጅራት ላይ የሚደርስ ጉዳት፦ የማያድግ አካልን የማከም ሥርዓት

መግቢያ

መልካ ወረር በአፋር ክልል፣ በአሚባራ ወረዳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 740 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የመካከለኛው አዋሽ ቆላ ከተማ ናት። ስሟ ከመስኖ ጥጥና ከወረር ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ተያይዞ ይታወቃል። በዙሪያዋ ያለው ደረቅ ቁጥቋጦ፣ የቦዮች ዳር ዛፎችና የእርሻ አጥሮች ለተሳቢ እንስሳት መጠለያ ይሆናሉ። ስለዚህ በዚህ መሰል አካባቢ በተሽከርካሪ፣ በውሻ፣ በድመት ወይም በድንጋይ ውርወራ የቆሰለ እስስት በአንድ ቤት ወይም በአንድ የምርምር ግቢ ውስጥ ለእንክብካቤ ቢገኝ እንግዳ ነገር አይሆንም። የጉዳቱ የተለመደ ቦታም ጅራት ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ከፍተኛውን ጥፋት የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ ቁስሉ ሳይሆን «የእንሽላሊት ጅራት ተቆርጦም ይበቅላል» የሚለው የተለመደ እምነት ነው። አባባሉ ለብዙዎቹ የግድግዳ እንሽላሊቶች እውነት ቢሆንም ለእስስት ግን ስሕተት ነው። በዚህ እምነት የሚጠብቅ ሰው ሕክምናውን ያዘገያል፤ በዚህ መካከል የሞተው ሕብረ ሕዋስ ወደ ጤናማው ክፍል ይዘልቃል። ይህ ጽሑፍ የልዩነቱን ምክንያት፣ የጉዳቱን ምልክቶችና የሕክምናውን ቅደም ተከተል ያብራራል።

የጅራቱ አፈጣጠር

ጅራታቸውን ለጠላት ጥለው በሚያመልጡ እንሽላሊቶች ዘንድ በጅራቱ አከርካሪ አጥንቶች መካከል ሳይሆን በራሳቸው በአጥንቶቹ ውስጥ የሚያልፍ ተፈጥሯዊ የመሰበሪያ መስመር አለ። ጡንቻው ሲኮማተር አጥንቱ በዚህ መስመር ላይ ይለያያል፤ የደም ሥሮቹም ወዲያው ይጨመደዳሉ። ከዚያ በኋላ የሚያድገው አዲስ ጅራት በአከርካሪ አጥንት ፈንታ የልም አጥንት ዘንግ ይዞ ይወጣል።

እስስቶች ይህ መስመር የላቸውም። ጅራታቸው ቅርንጫፍ ጠምዝዞ የሚይዝ፣ እንደ አምስተኛ እግር የሚያገለግል አካል በመሆኑ፣ ክብደት ሲጎትተው የማይበጠስ ሊሆን ይገባዋል። ጥንካሬው ግን ዋጋ አለው፤ አንዴ የጠፋው ክፍል አይመለስም። በአገራችን ለሚገኙት የቆላ «ካሜሌዮ» ወገኖችም ሆነ እንደ ባሌው የሐረና እስስት ላሉት የደጋ «ትራዮሴሮስ» ወገኖች ይኸው ሕግ የጸና ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የደም ዝውውር ነው። ዋናው የጅራት የደም ሥር በአከርካሪው ሥር ተዘርግቶ እስከ ጫፉ ይሄዳል። በአንድ ቦታ ላይ የደረሰ ጨፍላቂ ጉዳት ወይም ጠበቅ ብሎ የቀረ የቆዳ ቀለበት ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ደም ያሳጣዋል። ስለዚህ ቁስሉ ትንሽ መስሎ ሳለ ጫፉ ሊሞት ይችላል።

መንስኤዎችና ምልክቶች

ከንክሻና ከጭፍለቃ ሌላ አራት መንስኤዎች ተደጋግመው ይታያሉ፦ ቆዳ በሚገፈፍበት ጊዜ በጫፉ ላይ ተጠምጥሞ የቀረ አሮጌ ቆዳ፣ በአምፖል ወይም በጋለ ብረት መቃጠል፣ በካልሲየም እጥረት የሳሱ አጥንቶች መሰበር፣ እንዲሁም እንስሳውን ከቅርንጫፍ ለማላቀቅ በጅራቱ መጎተት ናቸው። ተመራማሪዎች ከጅራት የደም ሥር ናሙና ሲወስዱ የሚያደርሱት መድማትና እብጠትም ከዚህ የሚቆጠር ነው።

የቀለም ለውጥ በእስስት ላይ አሳሳች ምልክት ነው፤ እንስሳው ሲፈራ ወይም ሲበርደው መላ አካሉ ይጠቁራልና። አስተማማኙ መመዘኛ የሌሊት ምርመራ ነው። ጤናማ እስስት ሲተኛ ቀለሙ ይፈዛል፤ የሞተ ሕብረ ሕዋስ ግን በእንቅልፍ ጊዜም እንደጠቆረ ይቀራል። የጠቆረው ክፍል ደርቆና ጠንክሮ፣ ሲነካ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደረቅ ጋንግሪን ነው። እርጥብ፣ ያበጠና የሚሸት ከሆነ ደግሞ ኢንፌክሽን ተጨምሮበታል። የተሳቢ እንስሳት መግል እንደ አጥቢዎች ፈሳሽ ሳይሆን እንደ አይብ የረጋ ስለሆነ፣ በመርፌ ለመሳብ መሞከር ውጤት የለውም።

የመጀመሪያ እርዳታ

የመጀመሪያው እርምጃ የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጋዝ ለጥቂት ደቂቃዎች መጫን ነው። ከዚያም ቁስሉ በኖርማል ሳላይን ይታጠባል፤ ቀጥሎም ቀለሙ እንደ ቀጭን ሻይ እስኪሆን በውሃ በቀጠነ ፖቪዶን አዮዲን ይጸዳል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በሕይወት ያለውን ሕብረ ሕዋስ ስለሚጎዱ አይመከሩም። ተጠምጥሞ የቀረ ቆዳ በለብታ ውሃ ተነክሮ ከለሰለሰ በኋላ በእርጥብ ጥጥ ይገፈፋል እንጂ በደረቁ አይላጥም።

በመልካ ወረር ሙቀት ትልቁ ሥጋት ቅዝቃዜ ሳይሆን የፈሳሽ እጥረት ነው። እስስት ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ እንጂ በሳህን የተቀመጠ ውሃ የመጠጣት ልማድ ስለሌለው፣ ማደሪያው ጠዋትና ማታ በውሃ ሊረጭ ይገባል። ወደ ውስጥ የጎደጎዱ ዓይኖችና ወደ ብርቱካናማ ያደላ የሽንት ጨው የድርቀት ምልክቶች ናቸው። ማደሪያው ነፋስ የሚያልፍበት ወንፊት፣ ጥላም ያለው ይሁን። ቅርንጫፎቹ ዝቅ ብለው ይዘርጉ፤ ጅራቱ የታመመ እስስት ሚዛኑን በቀላሉ ይስታልና።

የምግቡም ነገር በጥጥ አካባቢ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ፀረ ተባይ ከተረጨበት ማሳ የተለቀመ ፌንጣ የተዳከመውን እንስሳ ሊመርዘው ስለሚችል፣ ነፍሳቱ ካልተረጨ ቦታ ሊሰበሰቡ ይገባል።

መቁረጥ መቼና እንዴት?

የሞተው ክፍል አጭር፣ ደረቅና ወሰኑ በግልጽ የተለየ ከሆነ፣ በየቀኑ እየተከታተሉ መጠበቅ ይቻላል። ጥቁረቱ ወደ ላይ ከተጓዘ፣ አጥንት ከታየ ወይም እብጠት ካለ ግን ጅራቱ በእንስሳት ሐኪም መቆረጥ አለበት። መቁረጫው ከሞተው ክፍል በላይ፣ በጤናማው ሕብረ ሕዋስ ውስጥ፣ በሁለት አከርካሪዎች መጋጠሚያ ላይ ይሆናል።

የጅራት አፈጣጠር ልዩነት በቀዶ ሕክምናው ላይ የሚገለጠው እዚህ ነው። ጅራቱ የሚያድግለት እንሽላሊት ቁስሉ ሳይሰፋ ይተዋል፤ ስፌቱ እድገቱን ያግዳልና። የእስስት ቁስል ግን የሚጠበቅ እድገት ስለሌለው ይሰፋል። የተሳቢዎች ቆዳ ወደ ውስጥ የመታጠፍ ጠባይ ስላለው የቁስሉ ከንፈሮች ወደ ውጭ ተገልብጠው ይሰፋሉ፤ ክሩም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። በወንዱ እስስት ላይ የመራቢያ አካላቱ በጅራቱ ሥር ውስጥ ስለሚገኙ፣ ወደዚያ የተጠጋ ቁርጥ የላቀ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የመድኃኒት መጠንና አደጋው

በአርብቶ አደር አካባቢ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚገኘው መድኃኒት ለግመል፣ ለከብትና ለፍየል የተዘጋጀ ነው። እስስት ግን ብዙውን ጊዜ ከመቶ ግራም በታች ይመዝናል። 50 ግራም ለሚመዝን እስስት፣ የሊዶኬይን ጣሪያ በኪሎ ግራም 5 ሚሊ ግራም ቢወሰድ፣ የሚፈቀደው 0.25 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ከ2 በመቶ ሊዶኬይን ይህ 0.0125 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ በተለመደ ሲሪንጅ በትክክል ሊለካ አይችልም። በሳላይን 10 እጥፍ ሲቀጥን ግን መጠኑ 0.125 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በተሳቢዎች ሕክምና የተለመደው ሴፍታዚዲም በኪሎ ግራም 20 ሚሊ ግራም በየ72 ሰዓቱ ሲሰጥ፣ ለዚሁ እስስት የሚደርሰው 1 ሚሊ ግራም ነው።

በየቦታው የሚገኘው የፔኒሲሊንና የስትሬፕቶማይሲን ቅልቅል ምቹ ቢመስልም አደገኛ ነው፤ የስትሬፕቶማይሲን ወገን መድኃኒቶች በተለይ ፈሳሽ ያጠረውን ተሳቢ ኩላሊት ይጎዳሉ። ለከብት ጥገኛ ሕዋሳት የሚሰጠው አይቨርሜክቲንም ኤሊዎችን የሚገድል በመሆኑ፣ በእስስት ላይ በግምት ሊሞከር አይገባም። ከኋለኛው የሰውነት ክፍል የሚመለሰው ደም በኩላሊት በኩል ሊያልፍ ስለሚችል፣ መርፌው በፊተኛው የሰውነት ክፍል እንዲሰጥ ይመከራል።

ከሕክምናው በኋላ

የጅራቱን ጫፍ ያጣ እስስት አብዛኛውን ጊዜ መኖር፣ መውጣትና ማደን ይችላል። አብዛኛውን የጅራቱን ክፍል ያጣው ግን ከነፋስና ከሚወዛወዝ ቅርንጫፍ ጋር ይቸገራል፤ ወደ ዱር የመመለሱም ውሳኔ በዚህ ችሎታው ላይ መመሥረት አለበት። ስለዚህ ከመለቀቁ በፊት በቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ ሲሄድና ሲታጠፍ ሊታይ ይገባል።

እንስሳውን ይዞ የማቆየት ጉዳይ የሕግም ጥያቄ አለበት። በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃና አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚመራ ሲሆን፣ የካሜሌዮና የትራዮሴሮስ ወገኖች ዓለም አቀፍ ንግድም ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. በተቀላቀለችው የሳይቲስ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ሥር ቁጥጥር ይደረግበታል። ስለዚህ ለምርምር ወይም ለሕክምና እስስት የሚያኖር ተቋም ፈቃዱን፣ የጉዳቱን መዝገብና የሰጠውን የመድኃኒት መጠን አብሮ መያዝ ይገባዋል። ለተሳቢ እንስሳት የሚሆን መድኃኒትና ልምድ በሌለበት አካባቢ፣ በጥንቃቄ የተጻፈ አንድ መዝገብ ለሚቀጥለው ሐኪም ዋነኛ መመሪያ ይሆናል።