ድምፅ የነበረው ጭሰኛ

ከቀበና ድልድይ ተነሥቶ ዳገቱን ወደ አራት ኪሎ የወጣ ሰው ሁሉ የፓርላማውን የሰዓት ግንብ ሳያይ አይመለስም። እኔም ግንቡን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከክፍል ትምህርት ሳይሆን ከአያቴ ጨዋታ ነው።

አያቴ የተወለዱት በአርሲ፣ በጭላሎ ነው። አባታቸው የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ ነበሩ። አንድ ምሽት ስለ ምርጫ ስንጫወት «አባቴም እኮ መርጠዋል፤ በ1961 ዓ.ም. ነው» አሉኝ። ተደንቄ «ማንን መረጡ?» ብዬ ብጠይቃቸው «ማንን ሊመርጡ ኖሯል፣ ልጄ? ያው የመሬቱ ጌታ ምረጡ ያሏቸውን ነዋ» ብለው ሳቁ። ዓመት ሳይሞላ እኚያው ጌታ ትራክተር አስመጥተው ቤተ ሰቡን ከመሬቱ አስነሡት። አያቴም ዘመድ ተጠግተው ወደ ቀበና መጡ። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ በሕግ ድምፅ የተሰጠው ሰው እንዴት ከማሳው ይነቀላል?

ነገሩን ከሥሩ ብንመለከት፣ በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቁመው ነበር፤ ነገር ግን እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንጂ ሕዝቡ አልነበረም። ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሻረ፤ ትምህርት ቤቶች ተስፋፉ። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል ወቅት የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችን እንዲመርጥ ተፈቀደለት። በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው ምርጫም ከሰፈራችን ብዙ የማይርቀው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት (በኋላ የካቲት 12 የተባለው) ዲሬክትሪስ የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው በምክር ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። ይህ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ የዚህ መብት ሌላው ወገን መታየት አለበት። ጭሰኛው መምረጥ ይችላል፤ ለመመረጥ ግን በምርጫው ወረዳ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የፖለቲካ ማኅበር ስላልነበረ ሁለት ጭሰኞች ተማክረው አንድ ሰው በጋራ የሚያቀርቡበት መንገድ አልነበራቸውም። ከዚህም ሁሉ በላይ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ እንጂ የሚመረጡ አልነበሩም። ስለዚህ ስለ መሬት የሚወጣ ሕግ ሁሉ ማለፍ የነበረበት መሬት ባላቸው ሰዎች እጅ ነው። ሰው በራሱ ጎተራ ላይ ሕግ አውጣ ቢባል እጁ መዘግየቱ አይቀርም።

ጭሰኛው የሚከፍለው ስንት ነበር? እንደየአገሩ ይለያያል፤ ሲሶ የሚሰጥ አለ፣ እኩል የሚሰጥ አለ። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመሬቱ ከምርቱ ከአራት እጅ ሦስቱን ድረስ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የተሳሳተ ቍጥር መስሎኝ ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ ሕግ በሌላው ክፍሉ እጅግ ዘመናዊ ነው የተባለለት ነው። በዓል ሲመጣ ለጌታ የሚወሰደው በግና ማር፣ የሚቆረጠው ማገዶ፣ የሚጠበቀው ደጅ ደግሞ በዚያ ላይ ነው።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረውንና የከሸፈውን መፈንቅለ መንግሥት ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ፤ ከጠንሳሾቹ አንዱ ገርማሜ ንዋይ ቀደም ሲል በወላይታ ገዥ ሳሉ መሬት ለሌላቸው መሬት በመስጠታቸው ወደ ጅጅጋ ተዛውረው ነበር።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ፓርላማው ስለ ጭሰኞች ጉዳይ ሲከራከር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ!» እያሉ ወደ ምክር ቤቱ ተሰለፉ። በአሜሪካ አገር፣ በአላባማ ግዛት በሰልማ ከተማ፣ ጥቁሮች የመምረጥ መብት ጠይቀው ድልድይ ሲሻገሩ በፖሊስ የተደበደቡትም በዚያው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ሁለቱን ነገር ማስተያየት ይጠቅማል። በዚያ አገር ጥቁሩ ዜጋ የማንበብ ፈተናና ሌላም ሰበብ እየተደረገበት ከምርጫ ሣጥኑ ይከለከል ነበር፤ ይህንንም የሚሽር ሕግ በዚያው ዓመት ወጣለት። በእኛ አገር ግን ሣጥኑ ክፍት ነበር፤ ጭሰኛው ድምፁን ጨምሮ ሲመለስ የሚገባው ወደ ጌታው መሬት ነው። የሚያድርበት ጎጆ በሌላ ሰው ፈቃድ የቆመ ሰው እንዴት አድርጎ ያንን ሰው ይቃወማል?

እዚህ ላይ ወግ አጥባቂነት የመኳንንቱ ጠባይ ብቻ ነበር ብሎ ማለፍ ስሕተት ይመስለኛል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የቆየውን አሥራት የሚሽርና ብዙ ያመረተ ብዙ እንዲከፍል የሚያደርግ ነበር፤ ምክር ቤቱም ለባለመሬቶች በሚስማማ መንገድ አላልቶ አሳለፈው። ታዲያ በዚህ አዋጅ ላይ ጦር መሣሪያ ይዞ የተነሣው ማን ነው? የጎጃም ገበሬ ነው! የጎጃም ገበሬ ጭሰኛ ሳይሆን ባለ ርስት ነበር። መሬቱን የያዘው ከአያት ቅድመ አያቱ ዘር በመቍጠር ነውና፣ መሬት ሊለካ ነው ሲባል ርስቴን ልነጠቅ ነው ብሎ ፈራ። መንግሥት ወታደርና አውሮፕላን ላከበት። በመጨረሻው ግን የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተዛወሩ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። እኔ ይህን ገበሬ ለውጥ የማይገባው ነው ብዬ አልንቀውም። ከአዲስ አበባ የመጣ ለውጥ ሁሉ ያለውን የሚወስድበት ሆኖ ካየው የአባቱን ወግ አጥብቆ ቢይዝ ምን ይደንቃል? በደቡብ ያለው ጭሰኛ ግን የሚያጠብቀው ርስት አልነበረውም።

ወደ አያቴ አገር ልመለስ። ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ ካዱ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን መንግሥት ርዳታ ሥራ ጀመረ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለትንንሽ ገበሬዎች እንዲደርስ የታሰበ መልካም ሥራ ነበር፤ ምርቱም ጨመረ። ምርቱ ሲጨምር ግን ባለመሬቶቹ ከጭሰኛ ሲሶና እኩል ከመቀበል በትራክተር ማረስ እንደሚያዋጣቸው ተረዱ። በሺህ የሚቆጠሩ ጭሰኞችም ተነቀሉ። ልማቱ የመጣላቸው ሰዎች በልማቱ ምክንያት ተሰደዱ ማለት ነው።

ይህን የሚከለክል ሕግ አልታሰበም አይባልም። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር ተቋቁሞ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያም የጭሰኛውን ኪራይ የሚወስንና ያለ በቂ ምክንያት እንዳይነቀል የሚያደርግ ረቂቅ አዋጅ ለፓርላማ ቀረበ። መሬት ለጭሰኛው ይሰጥ የሚል እንኳ አልነበረም። ረቂቁ ሳይጸድቅ ዓመታት አለፉ፤ የአያቴ አባት ከማሳቸው የተነሡትም በዚያ መካከል ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ሆነ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ ሚያዝያ 12 ቀን የአዲስ አበባ ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው በብዛት ተሰለፉ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ሕገ መንግሥቱ ታገደ፣ ፓርላማውም ተበተነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። ምክር ቤቱ በብዙ ዓመት ክርክር ያልጨረሰውን ነገር አንድ አዋጅ ጨረሰው።

በጭላሎ ቀርተው የነበሩት የአያቴ ታላቅ ወንድም ያን ጊዜ በገበሬ ማኅበር በኩል መሬት ደረሳቸው። አያቴ ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ይበራል። ወዲያው ግን ስለ እህል ኮታው፣ ለጦርነት ስለ ተወሰዱት ልጆች ይነግሩኛል። ድምፅ ሰጥቶ እንደራሴ የመላክ ነገር እስከ 1979 ዓ.ም. የሸንጎ ምርጫ ድረስ አልነበረም፤ ያም ሲመጣ ፓርቲው አንድ ብቻ ነበር። አባትየው ድምፅ ነበራቸው፣ መሬት አልነበራቸውም፤ ልጅየው መሬት አገኙ፣ ድምፃቸው ግን ቀረ።

ከ1950 እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ በተደረጉት አምስት ምርጫዎች ድምፅ የሰጣችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ ሲሰጡ ያያችሁ አንባብያን ካላችሁ፣ ማንን እንደመረጣችሁና ለምን እንደመረጣችሁ ብትነግሩኝ ለሚመጣው ዓመት መጽሔት እጽፈዋለሁ። አያቴም የራሳቸውን ጨዋታ ገና አልጨረሱልኝም።