የደጋ ልጅ ልብ

አልትራሳውንድ ክፍል ስንገባ ሁላችንም የምንጠይቀው «ወንድ ነው ሴት?» ብለን ነው። እህቶቼ፣ አንድ ጥያቄ ጨምሩልኝ፦ «ዶክተር፣ የልቡን አራት ክፍሎች አዩልኝ?»

ከ100 ሕፃናት አንዱ ገደማ ልቡ ላይ የአፈጣጠር ችግር ይዞ ይወለዳል። እናቱ እንስራ ስለተሸከመች ወይም ስለደነገጠች የመጣ አይደለም። ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ባለሙያው አራቱን የልብ ክፍሎችና ከልብ የሚወጡትን ሁለት ታላላቅ የደም ሥሮች አጥርቶ ካየ፣ ከከባዶቹ ችግሮች ብዙዎቹን ይደርስባቸዋል። በተለይ ስኳር ያለባት፣ ወይም በልብ ችግር የተወለደ የቅርብ ዘመድ ያላት እናት ይህን ምርመራ አትለፈው። እኛ ጋ ወር የሚቆጠረው በበዓል ነውና በዚያው ልንገራችሁ፦ የመጨረሻ የወር አበባዋን ለጥምቀት ያየች እናት 20 ሳምንት የሚሞላት ሰኔ 1 ነው። እርሻ የሚበዛበት፣ መንገዱም የሚጨቀይበት ጊዜ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ችግሩ ቀድሞ የታወቀለት ልጅ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባለበት ሆስፒታል እንዲወለድ ይደረጋል። ይህ ብቻውን ነፍስ ያተርፋል።

አሁን ደግሞ በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ነፋስ መውጫ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ፅንስ በሳንባው ስለማይተነፍስ፣ ደሙ ሳንባን አልፎ የሚሄድበት አንድ አጭር መተላለፊያ በሁለቱ ታላላቅ የደም ሥሮች መካከል አለው። ልጁ ተወልዶ አየር ሲስብ፣ በደሙ ውስጥ የሚጨምረው ኦክስጅን ያንን መተላለፊያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያዘጋዋል። በደጋ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ሳይዘጋ የሚቀርባቸው ልጆች ከቆላው ይበዛሉ። ይህን አልትራሳውንድ አስቀድሞ ሊነግረን አይችልም፤ በማሕፀን ውስጥ የሁሉም ፅንስ መተላለፊያ ክፍት ነውና። «አልትራሳውንዱ ደህና ነው ብሎኛል» የምትል እናትም ከወለደች በኋላ ልጇን ማስመርመር አለባት።

ሲጠባ የሚያልበው፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ኪሎ አልጨምር ያለ፣ ደረቱን ደጋግሞ የሚያመው ሕፃን ካለ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዱት። ሕክምና አለው፤ ሳይዘጋ የቀረው መተላለፊያ ብዙ ጊዜ ደረት ሳይከፈት፣ በእግር የደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይደፈናል። በዶ/ር በላይ አበጋዝ ጥረት በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተው የልብ ማዕከል የቆመው ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ነው። ምንም ምልክት ባታዩበትም እንኳ፣ ለ45 ቀን ክትባት ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ልቡንም አዳምጡልኝ» በሉ።