ዩሮፓ ክሊፐር፦ ከበረዶ በታች ላለው ባሕር የተሠራችው መንኩራኩር

ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ፣ ፍሎሪዳ ከሚገኘው የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ፋልከን ሄቪ የተባለው ሮኬት አንዲት ግዙፍ መንኩራኩር ተሸክሞ ተነሣ። ዩሮፓ ክሊፐር ትባላለች። 6,000 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ከዚህ ግማሽ ሊሞላ ምንም ያህል ያልቀረው ነዳጅ ነው። ናሳ ፕላኔቶችን ለማሰስ ከሠራቸው መንኩራኩሮች በግዝፈት የሚስተካከላት የለም። የመነሻዋ ቀን አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር፤ ሚልተን የተባለው አውሎ ነፋስ መጣና ጥቂት ቀን አዘገያት።

ስለ ክሊፐር ሲወራ «ሕይወት ፍለጋ ሄደች» የሚባለው አባባል ትክክል አይደለም። የተሰጣት ሥራ ከዚያ ጠበብ ያለ ነው፦ ዩሮፓ በተባለችው የጁፒተር ጨረቃ ውስጥ ያለው ባሕር ለሕይወት የሚመች መሆን አለመሆኑን ማጣራት። ሕያው ነገር አየሁ ብላ የምታውጅበት መሣሪያ አልያዘችም። እኔ ይህን የጥንቃቄ እንጂ የድክመት ምልክት አድርጌ አላየውም።

ዩሮፓ እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በጥር 1610 ጋሊልዮ በመነጽሩ ካያቸው አራት ጨረቃዎች አንዷ ናት። ከእኛ ጨረቃ ጥቂት ታንሳለች። ገጽታዋ በሙሉ በረዶ ሲሆን በወገቧ አካባቢ እንኳ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 160 ዲግሪ ገደማ ነው። በ1979 ቮዬጀር የተባሉት መንኩራኩሮች ፎቶ ሲያነሷት የታየው ነገር ግራ የሚያጋባ ነበር። ገጿ በረጃጅም ስንጥቆች ተዥጎርጉሯል፤ የተወርዋሪ ድንጋይ ጉድጓድ ግን እምብዛም የለበትም። ጉድጓዱ የት ገባ? ከሥር የሚያድሰው ነገር ካልኖረ በቀር እንዲህ ያለ ገጽታ አይገኝም።

ገጽታዋን ከሥር የሚያድሰው ሙቀት የሚመጣው ከጁፒተር ስበት ነው። ዩሮፓ ጁፒተርን በሦስት ቀን ተኩል ትዞራለች። አዮና ጋኒሜድ የተባሉት ጎረቤት ጨረቃዎች ስለሚጎትቷት መንገዷ ፍጹም ክብ ሊሆን አልቻለም። ወደ ጁፒተር ስትጠጋ ትለጠጣለች፣ ስትርቅ ትመለሳለች፤ ደጋግሞ የታጠፈ ሽቦ እንደሚግለው ውስጧም እንዲሁ ይሞቃል።

ባሕሩ መኖሩን አጥብቆ ያመለከተው ግን ፎቶ ሳይሆን የማግኔት መለኪያ ነው፤ ነገሩ ቆም ብሎ መመልከት የሚገባው ይመስለኛል። የጁፒተር ማግኔታዊ መስክ ዘመም ያለ ነው። ፕላኔቱ በፍጥነት ስለሚሽከረከርም፣ ዩሮፓ ላይ ሆኖ ለሚለካው የዚህ መስክ አቅጣጫ በየአምስት ሰዓት ተኩሉ ይገለበጣል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር እንዲህ በሚለዋወጥ መስክ ውስጥ ሲገኝ የራሱን ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል። ጋሊልዮ የተባለችው መንኩራኩር በዩሮፓ አጠገብ ስታልፍ፣ በማርጋሬት ኪቨልሰን ይመራ የነበረው ቡድን የለካው ልክ ይህንኑ ነበር። በጥር 2000 የጁፒተር መስክ በተገለበጠበት ሰዓት እንድታልፍ ተደርጎ ሲለካ የዩሮፓም አብሮ ተገልብጦ ተገኘ። በረዶ እንዲህ አያደርግም፤ ጨዋማ ውኃ ግን ያደርጋል። የባሕሩ ውኃ በምድር ውቅያኖሶች ሁሉ ካለው እጥፍ እንደሚሆን ይገመታል። እስከ ዛሬ በዓይኑ ያየው ግን የለም።

ውኃ ካለ ሕይወት አለ ማለት ነው? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሰጠው አገራችን ያለው ዳሎል ነው። በአፋር ዝቅተኛ ቦታ ያሉት ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች ውኃ ሞልቷቸዋል፤ ነገር ግን ሙቀቱ፣ አሲዱና የጨው ብዛቱ ተደራርቦባቸዋል። በ2019 በፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ የተመራ ቡድን እጅግ ጨዋማና አሲዳም በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት አላገኘሁም አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ደግሞ ከዳሎል በወሰደው ናሙና ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አገኘሁ ብሎ ጽፏል። ነገሩን ያከበደው፣ እዚያ ያሉ የሲሊካ ቅንጣቶች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሕዋስ መምሰላቸው ነው። በእግር ተሄዶ፣ ናሙና ተቀድቶ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ተመርምሮ እንኳ እንዲህ ካከራከረ፣ ከጠፈር ሆኖ «አገኘሁ» ለማለት መቸኮል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ክሊፐር ጁፒተር የምትደርሰው በሚያዝያ 2030 ነው። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት መንኩራኩር ጁስ ከእሷ ዓመት ተኩል ቀድማ ብትነሣም የምትደርሰው በ2031 ነው፤ በጠፈር ጉዞ ቀድሞ የተነሣ ሁሉ ቀድሞ አይደርስም። ክሊፐር በመጋቢት 2025 በማርስ አጠገብ ስታልፍ የፕላኔቷን ስበት ተጠቅማ መንገዷን አስተካክላለች፤ በታኅሣሥ 2026 ደግሞ ከምድር ፍጥነት ለመዋስ ተመልሳ እንድታልፍ ነው የታቀደው። የፀሐይ ብርሃን ጁፒተር ጋ ሲደርስ እኛ ከምናገኘው ወደ 25 እጅ ያህል ስለሚደክም የሶላር ክንፎቿ ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ሜትር እንዲረዝሙ ተደርጓል።

ትልቁ ጠላቷ ጨረር ነው። የጁፒተር ማግኔት ያፈጠናቸው ቅንጣቶች ኤሌክትሮኒክስን ይገድላሉ። ስለዚህ የክሊፐር ኮምፒውተሮች አንድ ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው የአሉሚኒየም ግድግዳ በተሠራ ካዝና ውስጥ ተቆልፈዋል። ዩሮፓን ራሷን አትዞርም፤ የምትዞረው ጁፒተርን ሲሆን 49 ጊዜ ብቻ በዩሮፓ አጠገብ ሽው ብላ ታልፋለች። አንዳንዴ ከበረዶው በላይ 25 ኪሎ ሜትር ድረስ ትወርዳለች። ለመነሣት ጥቂት ወራት ሲቀራት አንዳንድ ትራንዚስተሮቿ ከታሰበው ባነሰ ጨረር ሊበላሹ እንደሚችሉ ታወቀ። ያን ጊዜ ጉዞው የሚሰረዝ መስሎ ነበር። ሙከራው ግን ከጨረሩ ርቃ በምትቆይባቸው ቀናት በሙቀት ራሳቸውን እንደሚያድሱ አሳየና ተፈቀደ።

ከያዘቻቸው ዘጠኝ መሣሪያዎች ራዳሩ በበረዶው ውስጥ ዘልቆ ውፍረቱን ይለካል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ብናኝ መርማሪው ነው። ጥቃቅን የጠፈር ድንጋዮች ዩሮፓን ሲመቷት የበረዶ ብናኝ ወደ ላይ ይነሣል፤ ክሊፐር በመካከሉ ታልፋለች። ብናኙ መሣሪያው ውስጥ ካለው ሰሌዳ ጋር በከፍተኛ ፍጥነት ተላትሞ ይበታተናል፣ ስብርባሪው ይመዘናል፣ ከክብደቱም ጨው ይሁን ካርቦን ያዘለ ውህድ ይለያል። እንዲህ ሲሆን መሬቱን ሳይነኩ ናሙና ወሰዱ ማለት ነው።

ሥራዋን ስትጨርስ ከጋኒሜድ ጋር ሆን ተብሎ እንድትላተም ታስቧል። ነዳጅ አልቆባት ዩሮፓ ላይ ብትወድቅ ከምድር ተጣብቆባት የሄደ ባክቴሪያ ባሕሩን ሊበክለው ይችላል። ጋሊልዮም በ2003 ወደ ጁፒተር ገብታ እንድትቃጠል የተደረገው ለዚሁ ነበር። ወደፊት አንድ መሣሪያ በረዶው ላይ አርፎ ሕዋስ ቢያገኝ፣ «ይህ ከእኛው ጋር የሄደ ይሆን?» የሚል ክርክር ከወዲሁ መነሻ እንዲያጣ ተፈልጓል።