«ዌል» ሁልጊዜ «በደንብ» አይደለም

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ አጭር ነው፤ አየሩ ግን ሌላ አገር የገቡ ያህል ይለወጣል። ከታች በአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ሸሚዙ የከበደው ሰው መንገድ ላይ ያለችው ዶርዜ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። ጠዋት ፀሐይ ሲመታው የነበረው ተራራ ከሰዓት በኋላ ጉም ለብሶ ሊጠብቅ ይችላል። እንግዳ ይዞ የሚወጣ አስጎብኚ ይህን ስለሚያውቅ ገና ሳይነሡ በእንግሊዝኛ ያስጠነቅቃል፦ «ኢት ሜይ ዌል ሬይን»።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ለአንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስጡትና ወደ አማርኛ ይመልሳት። «በደንብ ሊዘንብ ይችላል» ቢል አትፍረዱበት። «ሜይ» ማለት «ይችላል» ነው ተብሎ ተምሯል። «ዌል» ማለትም «ደህና» ወይም «በደንብ» ነው ተብሎ ተምሯል። የተማረውን ሁለት ነገር ደመረ፤ ድምሩ ግን አልመጣለትም። አስጎብኚው ስለ ዝናቡ ብርታት አንዳች አልተናገረም። የተናገረው ስለ ዕድሉ ነው። «ሳይዘንብ አይቀርም» ማለቱ ነው።

በትምህርት ቤት «ካን»፣ «ኩድ»፣ «ሜይ» እና «ማይት» በአንድ ሰንጠረዥ ተደርድረው ይሰጣሉ። ሞዳል የሚባሉት ረዳት ግሦች ናቸው። ተውሳከ ግሥ ደግሞ ከብዙ ገጽ በኋላ፣ ራሱን ችሎ፣ «ቀስ ብሎ» እና «ቶሎ» በሚሉ ምሳሌዎች ይመጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር የሚነግር ገጽ እምብዛም አይገኝም። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ቀኑን ሙሉ የሚጠቀመው ሁለቱን አጣምሮ ነው። ሞዳሉ ነገሩ ሊሆን እንደሚችል ብቻ ይናገራል፤ የሚሆንበት ዕድል የሰፋ ይሁን የጠበበ የሚነግረን አጠገቡ ያለችው ትንሿ ቃል ናት።

ቦታዋም ወሳኝ ነው። «ሺ ሜይ ሲንግ ዌል» ሲባል «ዌል» ከዋናው ግሥ በኋላ ስለመጣ የሚገልጸው አዘፋፈኗን ነው፤ ጥሩ ልትዘፍን ትችላለች ማለት ነው። ያችኑ ቃል ወደ ፊት ሳቡና በሞዳሉና በግሡ መካከል አስገቧት፦ «ሺ ሜይ ዌል ሲንግ»። አሁን ስለ ድምፅዋ ማማር የተባለ ነገር የለም፤ ሳትዘፍን አትቀርም ነው። ቃላቱ አንድም አልተለወጡም፤ የተለወጠው የአንዷ መቀመጫ ነው። «ማይት ዌል» እና «ኩድ ዌል» በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። «ካን» ግን በዚህ ስሜት «ዌል»ን አይቀበልም፤ «ኢት ካን ዌል ሬይን» የሚል እንግሊዛዊ አይገኝም።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ሁሉ ባዕድ ሊመስል አይገባም። እኛም ዕድልን በደረጃ እንናገራለን፤ ልዩነቱ ደረጃውን የምንሰፍረው በአብዛኛው በግሡ ጫፍ መሆኑ ነው። «ይዘንብ ይሆናል» ስንል እንጠራጠራለን። «ሊዘንብ ይችላል» ስንል በሩን ክፍት እንተዋለን። «ሳይዘንብ አይቀርም» ስንል ልባችን ወደ ዝናቡ አዘንብሏል። «መዝነቡ አይቀርም» ካልን ደግሞ ጨርሰናል። እንግሊዝኛው ይህን መሰላል የሚወጣው ለግሡ ቅጥያ እየጨመረ ሳይሆን ለሞዳሉ ጓደኛ እየመረጠ ነው። «ማይት ፖሲብሊ» ከታች ነው፤ «ሜይ ዌል» ከፍ ይላል። «ኩድ ኢዚሊ» ደግሞ «ለመሆን የሚያግደው ነገር የለም» የሚል ስሜት አለው። እዚህ ላይ «ኢዚሊ» ከሥራ መቅለል ጋር ግንኙነት የለውም።

አንድ ጥያቄ ከተማሪዎች ደጋግሞ ይነሣል፦ «ሜይ» ራሱ ጥርጣሬ ከሆነ «ፐርሃፕስ» ወይም «ፖሲብሊ» ሲጨመርበት ጥርጣሬው እጥፍ አይሆንም ወይ? መልሱ በራሳችን አፍ አለ። «ምናልባት ይመጣ ይሆናል» ስንል ሁለት ጊዜ አልተጠራጠርንም። «ምናልባት» እና «ይሆናል» አንዱን ጥርጣሬ ተጋግዘው ተሸከሙት። እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ጆን ላየንስ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው «ሴማንቲክስ» በተሰኘ መጽሐፉ እንዲህ ተስማምተው የሚሄዱትን ሞዳልና ተውሳከ ግሥ ኅብር ያላቸው ብሏቸዋል። ማለፊያ አገላለጽ ነው፤ እኔም ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ኅብሩ ሲፈርስስ? ዶርዜ የቀርከሃውን ቤት ፎቶ ለማንሣት የሚጠይቅ እንግዳ «ዩ ሜይ ሰርተንሊ ቴክ ኤ ፒክቸር» ተብሎ ቢመለስለት ትርጉሙ ጥርጣሬ ሊሆን አይችልም። እርግጠኝነትን የሚናገረው «ሰርተንሊ» ከሚጠራጠረው «ሜይ» ጋር በቀላሉ አብሮ አይሄድም። ስለዚህ ሰሚው ወዲያው ሌላውን «ሜይ» ያነሣል፤ ፈቃድ ሰጪውን። «እንዴታ፣ ማንሣት ትችላለህ» ማለት ነው። ተውሳከ ግሡ ሁለት መልክ ያለውን ሞዳል በአንዱ መልኩ እንዲቆም አደረገው። የእኛ «ይችላል»ም አንድ ጊዜ ለአቅም፣ አንድ ጊዜ ለፈቃድ፣ አንድ ጊዜ ለዕድል የሚያገለግል ቃል ስለሆነ ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም።

ከሁሉ የምፈራው ግን «ፖሲብሊ»ን ነው። ተማሪው «ምናልባት» ብሎ ይዞታል፤ በአዎንታ ዓረፍተ ነገርም አያሳስተውም። አሉታ ሲገባ ግን ቃሉ ፊቱን ያዞራል። ጫሞ ሐይቅ ዳር ቆማችኋል እንበል። አዞ የሚሰጣበት፣ ጉማሬ ጀርባውን የሚያወጣበት ውኃ ነው። ልብሱን ማውለቅ የጀመረ አንድ ወጣት «ዩ ካንት ፖሲብሊ ስዊም ሂር» ተባለ። በቃል በቃል ትርጉም «ምናልባት እዚህ መዋኘት አትችልም» ይመስላል፤ የሚሞከር ይመስላል። ትክክለኛ ትርጉሙ «እዚህ መዋኘት ፈጽሞ አይታሰብም» ነው። ሊኖር የሚችለውን ዕድል ሁሉ ጠራርጎ ይዘጋል። «ምናልባት» እና «ፈጽሞ» በአንድ ቃል ውስጥ እንዳሉ ያልተነገረው ተማሪ የተባለውን በተቃራኒው ሰምቶ ይሄዳል።

ያው «ፖሲብሊ» በጥያቄ ውስጥ ደግሞ ትሕትና ነው። «ኩድ ዩ ፖሲብሊ ሄልፕ ሚ» የሚል ሰው የሰውየውን አቅም አይመረምርም፤ «ቢቻልዎ ይርዱኝ» ብሎ ይለምናል።

«ጀስት»ንም ላንሣ፤ ጠባብ ተስፋን እንደ እሷ የሚናገር የለምና። ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው የመጨረሻው መኪና ሊነሣ ነው፤ እናንተ ገና ገበያው ውስጥ ናችሁ። «ዊ ማይት ጀስት ካች ኢት» ማለት «ከሮጥን እንደርስበት ይሆናል» ነው። «ማይት» ብቻውን ቢሆን ተቀምጦም ይባላል፤ «ጀስት» ሲገባ ግን እግር ይነሣል።

አርባ ምንጭ ላይ ይህ ጉዳይ ከመንገድ ወሬ ያልፋል። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው፣ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው። ለምሳሌ የአባያ ሐይቅ ውኃ ቀይ ቡናማ የሆነው ወንዞች ተሸክመው በሚያመጡት ደለል ነው፤ ይህ የታወቀ ስለሆነ ሞዳል አያስፈልገውም፣ «ኢዝ» ይበቃዋል። አንድ ምንጭ ለምን እንደቀነሰ የሚያጠና ተማሪ ግን ማስረጃው ወደ አንድ ምክንያት ካዘነበለ «ሜይ ዌል ቢ» ይበል፤ ገና ግምት ብቻ ከሆነ «ኩድ ፖሲብሊ ቢ» ይበል። ሁለቱን ያምታታ ጥናት ለአንባቢው የተሳሳተ ልክ ይሰጠዋል። በነገራችን ላይ አንድ ቃል ሆኖ የሚጻፈው «ሜይቢ» «ምናልባት» የሚል የወሬ ተውሳከ ግሥ ነው፤ ተለያይቶ የሚጻፈው «ሜይ ቢ» ደግሞ ሞዳልና ግሥ ነው። በመሀላቸው ያለችውን ክፍት ቦታ መርሳት በረቂቆች ላይ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

በጋሞ ዞን ያለ ልጅ ቤቱ ጋሞኛ፣ ገበያው አማርኛ፣ ክፍሉ እንግሊዝኛ ነው። በሦስት ቋንቋ መጠራጠርና እርግጠኛ መሆን የሚጠበቅበት ልጅ በነጠላ ቃላት ዝርዝር ሊሸኝ አይገባውም። ስለዚህ መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ «ሜይ»ን ሰሌዳ ላይ ብቻዋን አትጻፏት። «ሜይ ዌል»፣ «ማይት ጀስት»፣ «ካንት ፖሲብሊ» እያላችሁ ከነጓደኛዋ ጻፏትና ከእያንዳንዱ ጎን ተማሪው ቤቱ ውስጥ የሚለውን አነጋገር በጋሞኛም በአማርኛም እንዲያስቀምጥ አድርጉ።

ወደ ጨንቻ ልትወጡ ስትሉ «ኢት ሜይ ዌል ሬይን» የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁም ጋቢያችሁን ያዙ።